ከአፈር በታች የምታንኳኳው

መስከረም 18

ለእህቴ ልጅ፣

ጥቅልህ ደርሶኛል። አንዱን ጥግ ዝናብ ነክቶታል፤ ሥዕሎቹ ግን በላስቲክ ስለተጠቀለሉ አልተበላሹም። በላስቲክ መጠቅለልን ከማን እንደተማርክ ስለማውቅ አላመሰግንህም። ሰላምታህ ገጽ ተኩል ፈጅቷል። ይህን ያህል ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው ሰላምታ ቢያበዛ አይገርምም፤ እኔ ግን አጭሩን እመርጣለሁ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ዕድሜው ነው። ቤቱም እንደቆመ ነው፤ ጣሪያው ብቻ ባንተ ክፍል በኩል ያፈሳል። ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።

ለጠየቅኸኝ መልሴ እሺ ነው፤ አርምልሃለሁ። አሳታሚዎችህ ከአፈር በታች ስለሚኖሩ የሌሉ እንስሳት መጽሐፍ ሲያወጡ «ሳይንሱን የሚያውቅ ሰው በየገጹ ይፈርምበት» ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። የሌለ እንስሳ ካለው እንስሳ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለው፣ እኛ ብንሳሳትበትም መኖሩን አይተውም። የሌለው ግን አንድ ስህተት ከተገኘበት እዚያው ወረቀቱ ላይ ይሞታል።

አንተ ትንሽ ሆነህ ሥራዬን ስትጠየቅ «አክስቴ ጭቃ ትቆጥራለች» ትል ነበር። እውነት ነው። ዕድሜዬን በአፈር ምርመራ ክፍል ያሳለፍኩት አፈር በወንፊት ላይ አድርጌ ከላዩ አምፖል በማብራት ነው። በውስጡ ያሉት ነፍሳት ብርሃንና ሙቀት ሲመጣባቸው ወደ ታች ይሸሻሉ፤ ከታች የሚጠብቃቸው ግን የአልኮል ብልቃጥ ነው። የሸሹትን ሁሉ በማጉያ መነጽር ቆጥሬያቸዋለሁ። ስለዚህ አፈር ውስጥ ማን ከምን እንደሚሸሽ ትንሽ አውቃለሁ።

ደንቤ ይህ ነው። ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚበላው፣ በምን እንደሚተነፍስና ዓይነ ምድሩን የት እንደሚጥል ያልተጻፈለትን ፍጡር አላሳልፍም። የመጨረሻውን ሁሉም ደራሲ ይረሳዋል።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። ባለ ሦስት ዓይኑ፦ ከመሬት በታች በሦስት ዓይን ምን ሊያይበት ነው? ጨለማውን ሦስት እጥፍ? የሚያበራው ትል፦ ጎረቤቶቹን ሁሉ ዓይን አልባ አድርገህ ስታበቃ መብራቱን ለማን ነው የሚያበራው? ባለ ቀንዱ፦ ቀንዱ ወደ ኋላ ዞሯል፤ ሲቆፍር የሚወጋው የራሱን ጀርባ ነው። የምስጦቹ ከተማ ግን ጥሩ ነው። አየር የሚገባበትን ቀዳዳ አልረሳህም።

ቁጥሮቹ ላይ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ሦስት ዘለሃል። አሥራ ሁለተኛው የት ነው?

ስልክ አትደውል። ጻፍ።

አክስትህ


ጥቅምት 9

ለአክስቴ፣

አጭሩን ሰላምታ ተምሬያለሁ፤ እኔም ደህና ነኝ።

እርማትዎን ስከፍት እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ መቀመጤን ብነግርዎ ይስቃሉ። ያው እርሳስ፣ ያው ወደ ቀኝ የተዘመመ ጽሕፈት፣ ያው «ለምን?» የሚለው ቃል በየጠርዙ። የምንሠራው ከጎማ ጠጋኝ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከታች መኪና በመጣ ቁጥር ወለላችን ይንቀጠቀጣል፣ መስመሬም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቀለም የሚቀባልኝ ባልደረባዬ፣ ቀጮ ነው የምንለው፣ «ጨለማውን ሦስት እጥፍ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። አንድ ሰው የማይረባ ነገር በሠራ ቁጥር ጣቱን ወደዚያ ይቀስራል። አርታኢያችን ደግሞ «ሴትዮዋ ምን አለች?» ሳትል ስብሰባ አትጀምርም።

የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ። ቀንዱን አዙሬዋለሁ። የሚያበራውን ትል አጥፍቼዋለሁ፤ ቀጮ ሐዘን ተቀምጧል። ከሦስቱ ዓይኖች ሁለቱን አውጥቻለሁ። አንዷን ይተዉልኝ። አርታኢያችን «ልጆች ዓይን የሌለው ነገር አይወዱም» ትላለች። ዓይነ ምድሩን በተመለከተ ለሁሉም ቦታ ሰጥቻለሁ፤ እንዲያውም የአንዱ ለሌላው ቤት መሥሪያ ሆኗል። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ ምን እንደሚመስል ባይ እወድ ነበር።

ጻፍ ስላሉኝ እጽፋለሁ። ግን ባለፈው ሰኔ ደውዬ ነበር። አነሱት፤ «ማነው?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። እንደገና «ማነው?» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ፍልፈል» አልኩ፤ ዘጉብኝ። ያወጡልኝን ስም ስጠራ ይዘጉብኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሎቹን በፖስታ የላክሁት።

አሥራ ሁለተኛው አልጠፋም። በመጨረሻ ይመጣል።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣

አንዷን ዓይን ፈቅጃለሁ፣ በቆዳ ተሸፍና የምትቀር ከሆነ። እውነተኛው ፍልፈልም እንዲሁ ነው፤ ዓይን ነበረው፣ የሚያየው ነገር ሲያጣ ቆዳ አለበሰው። ለአርታኢያችሁ እንዲህ በላት፦ ልጆች ዓይን የሌለውን የማይወዱት ትልልቆቹ ስለማያስወድዷቸው ነው። አንተ በአምስት ዓመትህ የመሬት ትል በኪስህ ይዘህ ትተኛ ነበር። ያን ስም ያወጣሁልህም ጓሮዬን ስላልማርክ ነው።

የዓይነ ምድሩ ቤት አስቆኛል። ይህን እንዳልጻፍኩት ቁጠረው።

ስለ ስልኩ አልከራከርም። እንደ ተረዳኸው ተረዳው።

ከሥዕሎቹ መካከል በብጣሽ ወረቀት ስለ ግቢው የኋላ በር የጠየቅኸውን አግኝቻለሁ። በሩ በቦታው ነው። ብረት ነው፣ አረንጓዴው ቀለም ተላጥቶ ከሥሩ ቀዩ ይታያል። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የሚያዝ ነገር የለውም። ደጃፉ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ቁመቱን ለክቼ አልልክልህም። ለእንስሳት መጽሐፍ የበር ልክ ምን እንደሚሠራ ጻፍልኝና እለካለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። ከጡረታ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቷል፤ እኔም አንድ ፍጡር ፈጥሬያለሁ። አትሳቅ። ስሙ እግረ ሰሚ ነው። ጆሮ የለውም። መሬት ስትንቀጠቀጥ በእግሩ መዳፍ ይሰማል፤ የሚመጣው ከባድ ይሁን ቀላል፣ ይቸኩል ይሁን ያመንታ ከዚያ ያውቃል። ሥር ይበላል፤ እባብ ይበላዋል፤ በቆዳው ይተነፍሳል፤ ዓይነ ምድሩን ለዚሁ በቆፈረው ጎን ጉድጓድ ይጥላል። አንድ ጉድለት አለበት። ቢጠሩት አይዞርም። የማያውቁት ደግሞ የናቃቸው ይመስላቸዋል።

ብታስገባው ደስ ይለኛል። ባታስገባው ምክንያቱን ጻፍልኝ።

ባልዲውን ወደ ግራ አዛውሬዋለሁ። ፍሳሹ ቦታ ቀይሯል።

አክስትህ


ኅዳር 25

ለአክስቴ፣

እግረ ሰሚን ሥየዋለሁ። ቀጮ የመዳፉን ሥር ሮዝ ካልቀባሁት ብሎ ሞቷል። ገጹን ከዚህ ጋር ያገኙታል፤ ይፈርሙበት።

አሥራ ሁለተኛው ይኸው። የበሩን ልክ ለምን እንደፈለግሁ ሲያነቡት ይገባዎታል። አርታኢያችን ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው ትላለች፤ መሐል ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ይይዛል። ያለ ፊርማዎ ግን አይታተምም። እንደ ሌሎቹ ይመርምሩት። አይራሩለት፤ ለኔም አይራሩ።

«አሳዳጊት። የአንድ ክንድ ርዝመት አላት። መልኳ አመድማ ሲሆን በአንገቷ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይታያል። እንቁላል አትጥልም። እህቷ ምግብ ፍለጋ ስትወጣ ጠብቃ ከጎጆው አንድ እንቁላል ትወስድና ወደ ጉድጓዷ ትገባለች። ከገባች በኋላ መተላለፊያውን በምራቋ ትደፍነዋለች፤ ምራቋ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ግልገሉን አታስርበውም። ንጽሕናውን ትጠብቃለች። ቆፍሮ እንዳይወጣ ጥፍሮቹን በየጊዜው ትከረክማለች። አትልሰውም፤ በጎኗም አታስተኛውም። እናቲቱ ከድፍኑ ወዲያ ሆና በግንባሯ ታንኳኳለች። ክረምቱን ሙሉ፣ የግንባሯ ቅርፊት አልቆ ሥጋዋ እስኪታይ ታንኳኳለች። ግልገሉ ያንን ድምፅ እየሰማ ያድጋል። የልቡ ምት የሚለካው በዚያ ነው። ድምፁ በቆመ ቀን ጥፍር ያበቅላል።»

እንግዲህ እርሳስዎን ይቅረጹ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 6

ለእህቴ ልጅ፣

ዘግይቻለሁ። አልታመምኩም። ፖስታ ቤቱም አላዘገየውም። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

አመድማው የሥራ ካፖርቴ ነው፤ ነጩ ቀለበት ኮሌታዬ ነው። ኮሌታውን በየማታው አጥቤ እተኩስ እንደነበር ብትጨምርበት እንኳ አይከፋኝም ነበር። ማን እንደሆነች አላወቀችም ብለህ እንዳትጨነቅ ነው የምጽፍልህ። አውቄያለሁ። አሁን ደግሞ እንደ ሌሎቹ ይመርምሩት ስላልክ እመረምራለሁ።

ምራቋ፦ ይቻላል። ምስጥም ይህን ትሠራለች። ጥፍር መከርከሟ፦ አልክድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ አንተም ታለቅስ ነበር። ሥሩ ጭቃ ይዞ ስለሚያብጥ እንጂ እንዳትወጣ አልነበረም፤ ነገር ግን ግልገሉ ይህን ማወቅ አይችልምና ይለፍ። አለመላሷና በጎን አለማስተኛቷ፦ ይለፍ።

«ከጎጆው ትወስዳለች» የሚለው ግን አይሆንም። የተወሰደ እንቁላልና ደጃፍ ላይ የተተወ እንቁላል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ሌባ ናት። ሁለተኛዋን ምን እንደምትላት ራስህ ፈልግላት። እህቴ «ለሳምንት ያዢልኝ» ብላ ሁለት ሸሚዝ ካለበት ከረጢት ጋር ስትሰጠኝ አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር። ቀጥሎ ድምፅዋን የሰማሁት ትምህርት ቤት ካስገባሁህ በኋላ ነው።

ምን እንደምትበላም አልጻፍክም። እሱን መመገቧን ጽፈሃል። ግልገል ስትመግብ የከረመች ምን በልታ ከረመች? አፈር ውስጥ ከምንም ነገር ምግብ አይወጣም። ደንቡን ታውቀዋለህ።

ከሁሉ የሚብሰው ማንኳኳቱ ነው። እንቁላል የጣለች እንስሳ አቅሟ ያለቀ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳትበላ በግንባሯ ድንጋይ ልትመታ አትችልም፤ በሳምንቱ ትሞታለች። እንዲህ ያለች እንስሳ ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ ካልተከፈተላት ትሄዳለች፣ ምግብ ትፈልጋለች፣ ትኖራለች። ይህን አስተካክል። እስከዚያ አልፈርምም።

የእግረ ሰሚን ገጽ ፈርሜ አያይዤዋለሁ። የመዳፉ ሮዝ መልካም ነው።

አክስትህ


ጥር 20

አክስቴ፣

ሁለት ጊዜ?

ይህን ከየት አመጣሽው? የትኛው ብልቃጥ ውስጥ ቆጥረሽ ነው? ስለ እንስሳ እንዳልጻፍሽልኝ እኔም አንቺም እናውቃለን። እዚያ ነበርኩ። መሐል ክፍል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽኝ፣ የሰባትን ማባዣ ሳልጨርስ እንዳልነሣ ነግረሽኝ፣ ወጥተሽ በሩን ዘጋሽብኝ። እናቴ እንደምትመጣ ሰምቼ ነበር፤ ለጎረቤት ስትነግሪ «ልትወስደው ትመጣለች» ብለሻል። ከዚያ ማንኳኳቱ ጀመረ። ከሰዓቱን ሙሉ ተንኳኳ፤ እስኪጨልም። ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ደርሼ አላለፍኩም። ስትገቢ እጅሽ ጭቃ ነበር፤ ታጥበሽ እራት አቀረብሽልኝ። ስለ እሷ አንድ ቃል አልተናገርሽም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ሞታለች ብለሽ እስክትነግሪኝ ድረስ በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁት። ጓደኛ ሲጣላኝ፣ አንቺ ስትቆጪኝ፣ እኔን ፈልጎ ግማሽ ቀን በር የደበደበ ሰው አለ እል ነበር። ሌላ ያወረሰችኝ ነገር የለም።

አሁን ተነሥተሽ በእርሳስ ልታርሚው ነው?

እውነት ማረም ከፈለግሽ በቀጥታ ጻፊልኝ። ስንት ጊዜ አንኳኳች?


የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፣

«አንቺ» ብለኸኛል። አልተቀየምኩም። ዘግይቶ ነው የመጣው።

ጥያቄህን ባትጠይቀኝ እወድ ነበር። በዕድሜዬ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለዚህም አልሰጥም።

ሁለት ጊዜ ነው። ጆሮዬ ያኔ ጤነኛ ነበር።

የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ማዶ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞላት ነበር። እኔ ከበሩ በስተ ውስጥ ቆሜያለሁ፤ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ሦስቴ ካንኳኳች እከፍታለሁ ብዬ ለራሴ ወስኛለሁ። ልጅዋን ፈልጋ የመጣች ሴት ሦስቴ ማንኳኳት አያቅታትም አልኩ። ፈተና ነበር። ተፈታኙ ሳያውቀው የሚሰጥ ፈተና ፈተና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። አንዴ መታች። ቆየች። ደግማ መታች። ስምህን አልጠራችም፤ የኔንም። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። የሰማሁት የመኪናው በር ሲዘጋ ነው።

ከሰዓቱን ሙሉ የሰማኸው እኔን ነው።

ከሥራ ያመጣኋቸው የአፈር ቱቦዎች ነበሩ። መሬት ውስጥ ተተክለው አፈር ይዘው የሚወጡ የብረት ቱቦዎች፤ ታውቃቸዋለህ፣ ትጫወትባቸው ነበር። አፈሩ ሲደርቅ ስለሚጣበቅ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስደግፈህ በእንጨት መዶሻ ካልመታኸው አይለቅም። ወደ ቤት ገብቼ ዓይንህን ማየት አልቻልኩም። በውስጥ በኩል ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ መታኋቸው። እስከ ሰኞ ሊቆይ የሚችል ሥራ ነበር። ቱቦዎቹ ባዶ ከሆኑ በኋላም መምታቴን አላቆምኩም። መሄድዋን እንዳትሰማ ብዬ ነው ብል ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ አልልም። እጄ አልቆም አለኝ፣ እሱ ነው የማውቀው።

አንድም ቀን ስላልጠየቅኸኝ አልነገርኩህም። ደግሞ አባርራታለች ብለህ ብትጠላኝ፣ ዞራ ሄደች ብለህ ራስህን ከምትጠላ ይሻላል ብዬ ነበር። ይህም ስሌት ነው፤ አንተ ትክክል መሆኑን ፍረድ።

ገጹን አያይዤዋለሁ። «ክረምቱን ሙሉ» በሚለው ላይ «ሁለት ጊዜ» ብዬ በእርሳስ አርሜያለሁ። «ከጎጆው» የሚለውንም። ከታች በቀለም ፈርሜያለሁ።

አክስትህ


የካቲት 19

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል። አንድ ለውጥ አድርጌያለሁ። «ከጎጆው ትወስዳለች» የሚለው «ደጃፏ ላይ ያገኘችውን» ተብሏል። ይህን ዕዳዬ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ሌላው እንደነበረ ነው። እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፤ ፊርማው ቀርቷል። ውሸት ላይ ስሜን አኖርክ ካሉኝ ለአሳታሚዎቹ ይጻፉላቸው። አድራሻቸው በፖስታው ጀርባ አለ።

እናቴ ክረምቱን ሙሉ ታንኳኳለች። ሌላ እናት የለችኝም፤ በዚህ ዕድሜዬም አዲስ አልፈጥርም። እርስዎ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግንዎታለሁ ማለት ይገባኝ ይሆናል። አልቻልኩም። ካነበብኩት ጀምሮ ከታች ጎማ ጠጋኙ ብረት በመታ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ እሰማለሁ። ቀጮ «ምን ሆነሃል?» ይለኛል። ምን እለዋለሁ?

ከእንግዲህ የሚታረም ነገር የለኝም።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 11

ለእህቴ ልጅ፣

መጽሐፉ መጣ። የላኩልኝ አሳታሚዎቹ ናቸው። ካንተ ብጣሽ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ገጾቹን አራግፌ አይቻለሁ፤ የለም። አድራሻህን ቀይረህ እንደሆነም አላውቅም። እንግዲህ ይህን የጎማ ጠጋኙ ቢያነበውም ይማርበት።

በእርሳስ አንብቤዋለሁ። የማውጫው ቁጥር ከውስጡ ጋር አይገጥምም። የምስጦቹን ከተማ የቀባው ሰው፣ ቀጮህ ይመስለኛል፣ የአየር ቀዳዳውን በቡናማ ደፍኖታል፤ ከተማው በአንድ ቀን ታፍኖ ያልቃል። ባለ አንድ ዓይኑን ቆዳ ማልበስ ረስታችኋል፤ ወይም አርታኢዋ አሸንፋለች። የኔን ስም ከመጨረሻው ገጽ አግኝቼዋለሁ፤ «የሳይንስ አራሚ» ይላል። ፊደሉ ትንሽ ነው። ለሠራሁት ይበቃል።

እግረ ሰሚን አስገብተኸዋል። የጻፍኩትን አንድ ቃል አልቀየርክም፤ «የናቃቸው ይመስላቸዋል» የሚለውም አለ። ስትሥለው አልገባህም፤ ቢገባህ ኖሮ በየካቲቱ ደብዳቤህ ታነሣው ነበር። እንግዲህ በግልጽ ልጻፈው። ስልኩን ዘግቼብህ አይደለም። አልሰማሁህም። ጆሮዬ ከደነቆረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በግራው ምንም የለም፣ በቀኙ ሰው ጠጋ ብሎ ከጮኸ ብቻ። ያን ቀን ደወሉ ሲጮህ የስልኩ መብራት ብልጭ ስለሚል ነው ያነሣሁት። ሁለቴ ጠየቅሁ፣ መልስ የለም፤ የሚቀልድ ሰው መሰለኝና አስቀመጥኩት። ፍልፈል ማለትህን ያወቅሁት ከደብዳቤህ ነው። ያኔ ያልጻፍኩልህ አዝነህ እንድትመጣ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን የምጽፈው መምጣትህን ስለማልጠብቅ ነው።

ከመሐሉ ሁለት ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሥዕሉ ጥሩ ነው። ድፍኑን አረንጓዴ ቀብተኸዋል፣ ከተላጠበት ሥር ቀይ ይታያል። ከወዲያ ያለችው ግንባሯን አስደግፋ ትመታለች። ምን እንደምትበላ አሁንም አልተጻፈም። ክረምቱን ሙሉ የምታንኳኳ እንስሳ እንደሌለች እኔና አንተ እናውቃለን፤ ያንኳኳችው ከበሩ በየትኛው በኩል እንደነበረችም እናውቃለን። ስህተቱ አንድ መስመር ነው። እርሳሱን ይዤ ቆየሁና አስቀመጥኩት። ከመጽሐፉ ሁሉ ምልክት ያላደረግሁበት እሱ ብቻ ነው።

ያኔ እርማቱን በቀለም ያልጻፍኩት ቀለም አጥቼ አልነበረም።

ጣሪያው ተሠርቷል፤ ባልዲውን አንሥቻለሁ። ሌላ የቤት ወሬ የለኝም፤ ይህ ብቻ ነው፦ ባለፈው ሳምንት የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በኋላው በር ስንት ጊዜ እንደደበደበ አላውቅም፣ ሰልችቶት ሄደ። ጎረቤት ነገረችኝ። በማግሥቱ በያጅ አስመጣሁ። ምናልባት በዚያ በኩል የምታልፍ ከሆነ አታንኳኳ፤ አልሰማም። መቀርቀሪያው ተነቅሏል። ግፋው።

አክስትህ